«ውሻዬ በእንግዶች ፊት ጎረቤቴን አሳፈራቸው፤ በምን ዓይኔ ልያቸው?»

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቦቢ የሚባል የ11 ወር ወንድ ውሻ አለኝ። ክረምት ላይ ዝናብ ሲደበድበው ከመንገድ ያነሣሁት ቡችላ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሰው ነክሶ አያውቅም። አንድ ዐመል ግን አለው፤ ለመጻፍም ያሳፍረኛል። እንግዳ ሲመጣ እግር አቅፎ… ይገባዎታል። በሶፋ ትራስም ያደርገዋል። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ነው የምመለሰው፤ እናቴ ውሻ አትነካም፤ ስለዚህ ቀኑን በረንዳ ላይ ነው የሚውለው።

ከፊት ለፊታችን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። ባለፈው ወር በ21 የማርያም ጽዋ ማኅበር ተራቸው ነበር። ማኅበርተኞቹ ከነፍስ አባታቸው ጋር ደረጃውን ሲወጡ፣ እማማ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ይቀበሉ ነበር። እኔ ቆሻሻ ልጥል በሩን ስከፍት ቦቢ አምልጦኝ ወጣና ቀጥ ብሎ እማማ እግር ላይ ተጠመጠመ። ሁሉም እያዩ። ጮኹ፣ ገፉት፣ አልለቅም አለ። እኔም ሳቅ አመለጠኝ። የነጠላቸው ጥለት በጥፍሩ ተስቦ ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹ይህ ነውረኛ ውሻ ከዚህ ብሎክ ይውጣልኝ› ብለው ለኮሚቴው ከሰሱኝ። እናቴ ‹ወስደሽ አንድ ቦታ ጣይውና ተገላገይ› ትለኛለች። ጓደኞቼ ‹ውሻ እኮ ነው፣ ምን ያካብዳሉ› ይላሉ። እማማን ምን ልበላቸው? ቦቢንስ ምን ላድርገው?
የተሳቀቅሁት፣ ከጀሞ»

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ቦቢ፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ እናትሽ በደንብ ጽፈሻል። «ሳቅ አመለጠኝ» የምትለውን ግን ፈጠን ብለሽ አልፈሻታል። እኔ ከዚያች ቃል ማለፍ አቃተኝ። እማማ ለኮሚቴው የከሰሱት ውሻውን ነው፤ ሰላምታ የነሱት ግን አንቺን ነው። ያስቀየማቸው ውሻው ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ረግመው ከአንቺ ጋር «እንደምን አደርሽ» መባባላቸውን ባልተዉ ነበር።

እስቲ ያን ቀን በእሳቸው ቦታ ሆነሽ እዪው። የጽዋ ማኅበር ተራ ቶሎ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ማኅበርተኛው 12 ከሆነ የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት ዝግጅቱ የሳምንታት ሥራ ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ዱቄቱ ተነፍቶ፣ ዳቦው ተደፍቶ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ፣ ጀሪካኑ በደረጃ እየተጎተተ። በ21 ጠዋት ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ያ ነጭ ቀሚስ ከሣጥን ወጥቶ በር ላይ ሲቆሙ፣ ያቺ ሰዓት የዓመቱ ክብራቸው ናት። የነፍስ አባታቸው ደረጃው ላይ ናቸው። በዚያች ሰዓት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስሙን እንኳ በሰው ፊት አንሥተውት የማያውቁትን ነገር እንስሳ በእግራቸው ላይ አደረገው። ቀና ሲሉ ያዩት ደግሞ የአንቺን ጥርስ ነው።

ደንግጠሽ እንደሳቅሽ አምናለሁ። ድንጋጤ በሳቅ የሚወጣለት ሰው ብዙ ነው፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሳቅ የሚያመልጠው አለ። እማማ ግን ይህን ከየት ያውቁታል? የታያቸው የጎረቤት ልጅ በውርደታቸው ስትስቅ ነው። ጓደኞችሽ «ምን ያካብዳሉ» የሚሉት ስላላዩአቸው ነው። አልተካበደም።

አሁን ወደ ቦቢ ልምጣ፤ እሱም ሳያጠፋ ስሙ ጠፍቷል።

የገጠር ሰው ለዚህ ነገር ቃል አያጣም፤ «ሰረረ» ይላል፣ አንገቱንም አይደፋም። ኮርማም ይሰርራል፣ አህያም ይሰርራል። ውሻ ላይ ግን ነገሩ ሁልጊዜ የተራክቦ ጉዳይ አይደለም። ገና ለጉርምስና ያልደረሱ ቡችሎች እርስ በርስ ሲጫወቱ ያደርጉታል። ሴት ውሾችም ያደርጉታል። የተኮላሹ ወንዶችም እንዲሁ። ውሻ ደስታው ወይም ጭንቀቱ ሞልቶ መውጫ ሲያጣ አንዱ ይዘላል፣ ሌላው ይጮኻል፣ ሌላው ጅራቱን እያሳደደ ይሽከረከራል፤ ቦቢ እግር ያቅፋል። በዚያ ላይ ጎረምሳ ነው። ወንድ ውሻ ከስድስት ወሩ ጀምሮ ወደ ጉርምስና ይገባል፤ እስከ ዓመት ተኩል ድረስም ይህ ዐመል የሚበረታበት ጊዜ ነው።

ቀኑንም አስቢው። 12 ሰዓት ሙሉ ሁለት እርምጃ በምትሆን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የሚያየው የአስፋልቱን ውሾች ነው፤ ሊደርስባቸው አይችልም። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ድንገት ይከፈታል። ደረጃው ሰው ሞልቶበታል፣ የዳቦው ሽታ፣ የዕጣኑ ሽታ፣ ነጭ ልብስ የሚውለበለብ። ያ ውሻ ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ክፋት አልነበረበትም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቦቢ ቡችላ ሳለ መጀመሪያ ትራሱን ሲያቅፍ ቤት ውስጥ የነበሩት ጓደኞችሽ ምን አደረጉ? አልሳቁም? ስልክ አውጥቶ የቀረጸው አልነበረም? ውሻ «ይህ ነውር ነው» የሚለውን አያውቅም፤ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ፊቱን ወደ እሱ ሲያዞር ግን ያውቃል። ሳቁም፣ ጩኸቱም፣ በእጅ መግፋቱም ለእሱ አንድ ናቸው፤ «ተመለከቱኝ፣ ጨዋታው ተጀመረ» ማለት ናቸው። እማማ ጮኸው ሲገፉት የበለጠ የተጠመጠመው ለዚህ ነው። እንግዲህ ያ ሳቅ ቤታችሁ ውስጥ ዐመሉን አሳደገው፣ ደረጃው ላይ ደግሞ እማማን አቆሰላቸው።

ይህን ሁሉ ግን ሄደሽ ለእማማ እንዳታስረጂ። «ውሻ ሲደሰት ነው እንዲህ የሚያደርገው» ብትያቸው ሁለተኛ ስድብ ነው። የተጎዳ ሰው ፊት የሚቀርብ ማብራሪያ፣ እውነት ቢሆንም፣ ማመካኛ ሆኖ ነው የሚሰማው።

ልጅ ሆኜ ደሴ የኖርንበት ግቢ ውስጥ ውሻ ነበረን። ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ሙስሊም እናት ነበሩ። አንድ ቀን ለሶላት ውዱእ አድርገው ሲወጡ ውሻችን ሮጦ ሄዶ የቀሚሳቸውን ጫፍ ላሰው። በብዙ ሙስሊሞች ዘንድ ውሻ ምራቁ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር። እሳቸው ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ «አሁን ምን ልሁን» የሚል ነገር ነው የነበረው። እናቴ «ምን ላድርግልዎ?» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሲነግሯት በጣሳ አፈር ዘግና፣ በማሰሮ ውኃ ይዛ መጣች። ቀሚሳቸውን ቀይረው ሰጧት፤ እኔ ውኃ እያፈሰስሁላት እሷ በአፈሩ አሸችው፤ እሳቸው ከበሩ ደፍ ላይ ቆመው «ሁለት… ሦስት…» እያሉ ቆጠሩላት። ሰባት ሲሞላ እናቴ ቀሚሱን ጨምቃ ገመድ ላይ ሰቀለችው። እኛ የምናምነው ሌላ ነው፤ ግን ያን ዕለት ስለ ማን ትክክል ነው አንድም ሰው አልተነጋገረም። ከዚያ በኋላ እስከምንለቅ ድረስ ዒድ በመጣ ቁጥር ምግብ ይልኩልን ነበር።

አንቺም ስትሄጂ «ምን ላድርግልዎ?» ብለሽ ነው መሄድ ያለብሽ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አረፍ ካሉ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሂጂ። ቦቢን ይዘሽ አትሂጂ፤ ከቤት ሲጮኽም እንዳይሰማ አስቀድመሽ አድክሚው። እናትሽ አብራሽ ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ታናሽ ብቻዋን ስትመጣና ታላቅ ይዛ ስትመጣ ይለያያል፤ ለእማማም ነገሩ እንደከበደባችሁ ያሳያቸዋል። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ግማሽ ኪሎ ቡናና ጧፍ በቂ ነው። ጧፍ ያልሁት የተነካባቸው የማርያም ቀን ስለሆነ ነው። በሩን ሲከፍቱልሽ ለጉልበታቸው ጎንበስ በዪ። ምናልባት ላይከፍቱልሽ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ጮክ ብለሽ ይቅርታ አትጠይቂ፣ ደረጃው ሁሉ ይሰማል፤ ያመጣሽውን ይዘሽ ተመለሺና በሳምንቱ ድገሚ። ሁለተኛም እምቢ ካሉ የነፍስ አባታቸው ወይም ከማኅበርተኞቹ አንዷ መካከል ይግቡ።

የምትናገሪው ረጅም አይሁን። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «እማማ፣ በማርያም ቀን በሰው ፊት አሳፈርሁዎት። ውሻውን መያዝ ሲገባኝ አልያዝሁም። ያ ሳያንስ ሳቅሁ። በእርስዎ አልነበረም የሳቅሁት፣ ደንግጬ ነው፤ ግን ሳቅሁ። ይቅር ይበሉኝ።» ውሻው ያደረገውን ነገር በስሙ አትጥሪው። «ግን» ብለሽ ሌላ ነገር አትጨምሪበት። ከዚያ ዝም በዪ። ይቆጡ ይሆናል፤ ያለፈውን የቡችላውን ጩኸት፣ የደረጃውን ሽንት ሁሉ ያነሡ ይሆናል። ጨርሰው ይናገሩ። ትልቅ ሰው ተቆጥቶ ሲጨርስ ነው «ግቢ፣ ተቀመጪ» የሚለው።

ነጠላውን ጠይቂያቸው። ደብዳቤሽ ላይ ጥለቱ ተስቦ ቀረ ብለሻል፤ እኔን ከሁሉ የበለጠ ያሳዘነኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም በየቅዳሴው በለበሱት ቁጥር ያቺን የተሳበች ክር ያይዋታል። «ይስጡኝና ላሠራው» በዪ። ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎቹ ዘንድ ወስደሽ ክሩን ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው አታጪም፤ የማይመለስ ከሆነ ተመሳሳይ ጥለት ያለው አሠርተሽ ስጪያቸው። ይህ እንደ ቸርነት እንዳይታይሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። «አመለጠኝ» የሚለው ቃል በሕግም አያድንሽም፤ በጉርብትናም እንደዚያው።

ስለ ኮሚቴው ብዙ አትጨነቂ፤ ግን አትናቂው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃን ነገር ሲደነግግ ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ግቢው የሁላችሁም የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበርም የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ደንቡን ጠይቀሽ ስለ እንስሳት የሚለውን አንብቢ። ከዚያ ሳይጠሩሽ ሂጂና ምን እያደረግሽ እንደሆነ በወረቀት ጽፈሽ አስረክቢ፦ ውሻው ከቤት የሚወጣው በማሰሪያ ብቻ መሆኑን፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣና እንደሚገባ፣ ደረጃው ላይ ቢያቆሽሽ አንቺ እንደምታጸጂ። ከእማማ ጋር ሳትታረቂ ግን ኮሚቴው ዘንድ ቀድመሽ እንዳትሮጪ። እሳቸውን ለማሸነፍ የመጣሽ ይመስላል።

ደብዳቤሽ ላይ ስለ ክትባት አንድም ቃል አላየሁም። ከመንገድ የተነሣ ውሻ ነው። ካላስከተብሽው ዛሬ አስከትቢው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። አንቺ ቦቢን ስታዪ ዝናብ የደበደበውን ቡችላ ታያለሽ። በእማማ ዕድሜ ያለች ሴት ግን ውሻ ስታይ መጀመሪያ የሚመጣባት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1895 ዓ.ም. መጨረሻ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል፤ ፍርሃቱ የዛሬ አይደለም። እሳቸው ልጅ በነበሩበት ዘመን ውሻ የነከሰው ሰው ሆዱ ላይ በየቀኑ ለ14 ቀን መርፌ ይወጋ ነበር። ያን መርፌ የተወጋ የሚያውቁት ሰው አይጠፋም፤ ሳይወጋ የሞተም እንዲሁ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው መድኃኒት የለውምና። ስለዚህ «አይናከስም እኮ» የሚለው ለእሳቸው ባዶ ቃል ነው። የክትባት ካርዱን በሁለተኛው ጉብኝትሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ቀኑንና የሐኪሙን ማኅተም አሳያቸው። በመጀመሪያው ቀን ግን አይሆንም፤ ያ ቀን የይቅርታ ብቻ ነው።

ሐኪም ዘንድ ከሄድሽ አይቀር ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው ጤናው ነው። ብልቱን አዘውትሮ የሚልስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ ቆዳውን የሚያክ ከሆነ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕመም ያለበትን ውሻ ሥልጠና አያድነውም። ሁለተኛው ማኮላሸት ነው። ብዙ ወንድ ውሾች ከተኮላሹ በኋላ ይህ ዐመላቸው በጣም ይቀንሳል፤ ሁሉም ግን አይደሉም፤ የቀነሰላቸውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ነው፤ ምክንያቱም ልማድ የሆነውን ነገር ቢላዋ አይቆርጠውም። በማደንዘዣ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ መንደር ውስጥ «እኔ እኮላሸዋለሁ» ለሚል ሰው አትስጪው፤ ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም ይሥራው፤ ቁስሉ እስኪድን ለሁለት ሳምንት ያህልም እንዳይልሰውና እንዳይዘል ጠብቂው። እኔ ብሆን አስኮላሸው ነበር። ለእግሩ ዐመል ብቻ ብዬ አይደለም፤ የጀሞ አስፋልት ላይ ሌላ ስንት ቡችላ ዝናብ እንዲደበድበው ትፈልጊያለሽ?

የቤቱ ሥራ ደግሞ የአንቺ ነው፤ ማንም አይሠራልሽም።

ከሁሉ በፊት በሩ። ያ ሁሉ የሆነው በሩ ስለተከፈተ ነው። አንድ አናጺ ወገብሽ ድረስ የሚደርስ የእንጨት ርብራብ ከውስጥ በኩል ይሥራልሽ፤ በሩ ሲከፈት ቦቢ ከርብራቡ ኋላ ይቀራል። እስኪሠራ ድረስ የውጭ በር ሲከፈት ማሰሪያው የግድ እጅሽ ላይ ይሁን፣ ቆሻሻ ለመጣልም ቢሆን። እናትሽም ይህን ትጠብቅ፤ ውሻ አትንካ እንጂ በር ትከፍታለች።

ቀጥሎ ድካሙ። በቀን 12 ሰዓት በረንዳ ላይ ለሚውል ጎረምሳ ማታ ማታ ግቢ ማዞር አይበቃውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጪ፣ አርባ ደቂቃ ያህል አስሮጪው፣ ያሽትት፤ ውሻ በአፍንጫው ሲሠራ በእግሩ ከሚሮጠው በላይ ይደክማል። እሑድ ግን እማማ ለቅዳሴ የሚወርዱበት ሰዓት ነውና እሳቸው ካለፉ በኋላ ውረጂ። ደረጃው ላይ ከተገናኛችሁ በግድግዳው በኩል አስጠግተሽ፣ ማሰሪያውን አሳጥረሽ፣ አስቀምጪውና እሳቸው ይለፉ። «አይዞዎት፣ አይነካዎትም» አትበዪ። ዝም ብለሽ ያዢው፤ መያዝሽን ያዩታል።

ከዚያ ዐመሉ ራሱ። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ጓደኛሽን ጥሪ፤ ያቺ ቪድዮ የቀረጸችው ብትሆን ይመረጣል፣ ካሳ ትክፈል። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝተሽ ቀቅይና ጥፍር በሚያህል ክተፊው፤ ቦቢን ቤት ውስጥም ማሰሪያ አድርጊለት፣ ጫፉ መሬት ይጎተት። ጓደኛሽ ስትገባ የፊት እግሩን ሊያነሣ ሲል ማሰሪያውን በጫማሽ ርገጪው፤ መዝለል ያቅተዋል። ማንም አይጩህ፣ ማንም አይሳቅ፣ ማንም ዓይኑን አይየው፤ ጓደኛሽ ጀርባዋን ትስጠው። አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ «ቁጭ» በዪ፤ ቁጭ ሲል ሳንባውን ወዲያው። እንደገና ትውጣ፣ እንደገና ትግባ። በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል፤ ለወትሮ የሚስቁለት ሰዎች ምን እንደነካቸው እየፈለገ ነውና አትደንግጪ። በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት እንግዳ ሲገባ ዞር ብሎ የአንቺን እጅ ያያል። ያን ጊዜ ገብቶታል ማለት ነው። ትራሱን ከፊቱ አንሺው፤ የሚያኝከው አጥንት ወይም የተቋጠረ ገመድ ስጪው።

አትምቺው። እናትሽም በመጥረጊያ እንዳትመታው። የተመታ ውሻ የሚማረው እንግዳ ሲመጣ ዱላ እንደሚመጣ ነው፤ ዛሬ እግር የሚያቅፈው ነገ እንግዳ ሲያይ ጥርሱን ያሳያል። እግር ለሚያቅፍ ውሻ መፍትሔ አለ፤ ለሚናከስ ግን እኔም ምክር የለኝም።

እናትሽን በትሕትና ልናገራት፤ «ወስደሽ ጣይው» ያለችው አንቺን ከጭንቅ ለማውጣት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ከተማ ዳር የተጣለ ውሻ ወዴት ይሄዳል? የሌሎች ውሾች ክልል ውስጥ ይገባል፣ ይነከሳል፣ ካልተከተበም በሽታውን ይዞ ወደ ሰው መንደር ይመለሳል። እዚያም አንዲት እማማ ለማኅበር ነጭ ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ። ቦቢን ማሳደግ በእውነት ካልቻላችሁ ግቢ ያለው፣ የምታውቁት፣ ዐመሉን በግልጽ የነገራችሁት ሰው ይውሰደው። ዐመሉን ደብቆ መስጠት መጣል ነው።

እማማ ይቅር ቢሉሽም ቦቢን ላይወዱት ይችላሉ። አይጠበቅባቸውም። በሚቀጥለው በ21፣ ተራው የእሳቸው ባይሆንም ለማኅበር ሲወጡ በሩን ቆልፊና ቦቢን ከርብራቡ ኋላ እሰሪው፤ እስኪወርዱ ድረስም በርሽን አትክፈቺ። ተራቸው ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከዋዜማው «ውኃውን እኔ ልቅዳልዎ፣ ወንበሩን እኔ ላውጣልዎ» በያቸው። እምቢ ካሉ እሺ በዪ።

ነጠላውን ግን ዛሬ ነገ አትበዪ። የተሳበ ጥለት በታጠበ ቁጥር እየላላ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ ሸማኔውም አይመልሰው። በዚህ እሑድ ተቀበያቸው።